የአሁኑ አምሐ

ሄቨን የምረቃ ቆቡን ከወንድሟ ራስ ላይ ቆርጣ ካነሳች በኋላ ከግንባሩ በላይ ባዶ ሆኖ ቀረ። ከሌላ ፎቶ ፀጉር አምጥታ ደረበችበት፤ አልተስማማም። ፊቱ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው፣ ፀጉሩ ላይ ግን ከቀኝ። ፀጉሩን ገለበጠችው። አሁን ተስማማ።

«ጥላውንም አትርሺ» አለቻት አልፊያ ከኋላዋ ቆማ። «ጥላው ካልገጠመ ሰው ለምን እንደሆነ ባያውቅም ቅር ይለዋል።»

አልፊያ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለሰፈር ልጆች በኮምፒውተር ፎቶ ማስተካከል ታስተምራለች። ዘጠነኛ ክፍል የሆነችው ሄቨን ማፍካትና መቁረጡን ጨርሳ ሁለተኛውን ደረጃ ጀምራ ነበር፤ ሁለት ፎቶ አንድ ማድረግ፣ ሰውን ባልነበረበት ቦታ ማቆም። አምሐ የጠፋው ትምህርቷ እዚህ ላይ እንደደረሰ ነው።

አምሐ ታላቅ ወንድሟ ነው። በሂሳብ አያያዝ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ ታመመ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፣ ቀጥሎ ከቤተሰቡ ጋር መብላት ተወ፣ ከዚያ ብቻውን ማውራት ጀመረ። እናታቸው በላይነሽ ሐኪም ቤትም ጠበልም ወስዳዋለች። ሻል ይለዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ከፍቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ለፖሊስ አመለከቱ። የአፋልጉን ማስታወቂያውን የሠራችው ሄቨን ናት፤ ፎቶውን የመረጠችው ግን እናቷ ነበረች፦ ጥቁር ጋውን የለበሰበትን፣ ሳሎን የተሰቀለውን። ሄቨን አሁን እንደዚህ አይመስልም ብላ ሞክራ ነበር። እናቷ አልተቀበለቻትም። ሰዎች የተቀዳደደ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያዩ መንገድ እንደሚቀይሩ፣ የተማረ ልጅ መሆኑን ካወቁ ግን ቆም ብለው እንደሚያናግሩት ነገረቻት። ይህም ለሄቨን እውነት መሰላት።

ማስታወቂያው ከማዞሪያው እስከ ዘነበወርቅ ተለጠፈ። የደወለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳንሱሲ ፌርማታ ላይ ልጁ ቆሟል አላቸው፤ ሥራና ትምህርታቸውን ጥለው ሄዱ። ሰውዬው ያሳያቸው ግን ሸሚዙን የተኮሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ተማሪ ነበር። ፎቶውን ይመስላል፤ ደዋዩ አልዋሸም። አምሐን ግን አይመስልም። እናቷ ልጁን ይቅርታ ጠይቃ ወደ ታክሲ ሰልፉ ገባች።

ለዚህ ነው ሄቨን ፎቶውን ልትለውጠው የተቀመጠችው። ጋውኑን አውልቃ፣ የወጣ ዕለት የለበሰውን ዓይነት ቡናማ ጃኬት አለበሰችው። ጢም አበቀለችለት። ከስቷልና ጉንጩን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው፤ ከዓይኑ ሥር አጠቆረች። በነካካችው ቁጥር ሥራው እየጠራ ሄደ፣ አምሐ ደግሞ እየራቃት። ስሕተቷ የቱ ጋ እንደሆነ ልታገኘው አልቻለችም። አልፊያ ምስሉን አስፍታ መረመረችውና መጋጠሚያው ጨርሶ እንደማይታይ፣ እሷ ራሷም ከዚህ የጠራ እንደማትሠራ ነገረቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሄቨን በደስታ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

አንድ አትማ ማዞሪያው ላይ ለወንድዬ አሳየችው። ወንድዬ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። አምሐን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከታመመ በኋላም ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰላም የሚለው እሱ ነበር።

«ማነው ይሄ?» አላት። «አርቲስት ነው?»

«አምሐ ነው።»

ወንድዬ ወረቀቱን ጠጋ፣ ደግሞ ራቅ እያደረገ አየው። እንዳይከፋት ቃል ሲመርጥ ቆየ። «ሄቪዬ፣ እኔ የማውቀው አምሐ ፀጉሩ እንዲህ አይተኛም። ሰውም ዓይን ለዓይን አያይም። ይሄ እኮ እያየኝ ነው።»

ሄቨን ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤት አቀናች።

ስልኳ ላይ ሌላ ፎቶ ነበረ። አምሐ ከመጥፋቱ በፊት አልፊያ የቤት ሥራ ሰጥታቸው ነበር፤ ሰውን መሃል ሳይሆን ጥግ አድርጋችሁ አንሱ፣ ዓይኑ በሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ተዉለት ብላ። ያን ዕለት አምሐ የግቢው በር ሥር ተቀምጦ ነበር። ስልኳን ስታነሳ፣ ዞር እንኳ ሳይል «እኔን ነው በሩን?» አላት።

«አንተን» አለችው።

ዝም ብሎ ተቀመጠላት። እናታቸው ፎቶውን ያየች ዕለት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልጄን በዚህ መልኩ ሰው አይየው፣ አሁኑኑ አጥፊው አለች። ሄቨን አጠፋሁ አለች፤ አላጠፋችውም። ለምን እንዳስቀረችው ራሷም አታውቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እናቷን ይዛ ፎቶ ቤቱ ሄደች። ፎቶውን በትልቁ ስክሪን ከፈተችው። አምሐ በግራ ጥግ፣ ፀጉሩ ተቆላልፎ፣ ጃኬቱ ትከሻው ላይ ተቀዶ፣ ከፎቶው ውጪ ያለ አንድ ነገር ያያል። የቀረው ባዶ የቆርቆሮ አጥር ነው። ምስሉ ጨለም ያለ ስለነበር ፊቱ እስኪለይ ብቻ ብርሃን ጨመረችለት። ባዶው ቦታ ላይ ስሙንና የእናቷን ስልክ ጻፈች። ሌላ ምንም አልነካችም።

እናቷ አጥፍቼዋለሁ አላልሽም ወይ ብላ አልጠየቀችም። ቆማ አየችው። አልፊያ ሰው የጠራት ይመስል ቀስ ብላ ወደ ውጪ ወጣች።

«ፀጉሩን እንኳ አበጥሪለት» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ሌላ አላልኩም፣ ፀጉሩን ብቻ። ትችያለሽ አይደል?»

ትችላለች። ከየት እንደምትጀምር እጇ ያውቀዋል፤ ብዙም አይፈጅባትም። ደግሞም ይህኛው ፎቶ ቢሆን አምሐን እንደሚያመጣው ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ፀጉሩ ከተበጠረ በኋላ የጃኬቱ ቅድ እንደሚመጣ፣ ከቅዱ ቀጥሎ ዓይኑ እንደሚመጣ ግን ታውቃለች።

«እማ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሰው መንገድ ላይ የሚያገኘው እንዲህ ሆኖ ነው።»

እናቷ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ እጇን ዘረጋችና የአምሐን ፀጉር በመዳፏ ወደ ኋላ ዳበሰችው፤ ደግማ ዳበሰችው። ፀጉሩ እንዳለ ነበር።

ሄቨን የእናቷ እጅ ከስክሪኑ ላይ እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚያ ማተሚያውን አስነሳችው።