ዐስሊን ይዞ ወደ ድሬ

ጎህ ሲቀድ ወርሳሜ ግመሉን አንበረከከና የታመመች ሚስቱን ዐስሊን አቅፎ ከቤት አወጣት። የጀልዴሳ መንደር ጎረቤቶቻቸው ትኩሳቱ እንዳይዛቸው ፈርተው ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል።

«ቀስ በል፣ አጥንቴ እየተሰበረ ነው» አለች።

«ወላሂ ቀስ ብያለሁ።»

ግመሉ ላይ ምንጣፍ ደራርቦ አስተኛት፤ እንዳትወድቅም በሽርጡ አሰራት። የኦጋዴን ጦርነት ካበቃ ገና ብዙ አልቆየም፤ ለበሽተኛ የሚሆን መኪና ከየትም አይገኝም። ድሬዳዋ ሆስፒታል ለመድረስ በረሃውን በእግር ማቋረጥ ግድ ነበር።

ረፋዱ ላይ በሐረር ተራሮች አናት ሰማዩ ጠቆረ። በመንገዳቸው ያለው ደረቅ አሸዋማ ወንዝ መሐል ሲደርሱ ምድሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወርሳሜ ዞር ቢል ደራሽ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ጮኸ፣ ጎተተ፣ ገረፈ። ዳር ሲደርሱ ጎርፉ የግመሉን የኋላ እግር መታው። ወርሳሜ ትከሻውን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ገፋው፤ ወጡ። ጀሪካናቸውን ግን ውሃው ወሰደው።

የጎርፉ ውሃ ጭቃ ስለነበር የዳሩን አሸዋ በእጁ ቆፈረ። ጉድጓዱ ጥሩ ውሃ እስኪያቁር ጠበቀና የኩታውን ጫፍ እየነከረ ከንፈሯ ላይ አንጠባጠበላት።

ሲመሻሽ አፍንጫዋ ደማ። ደሙ የሸተታቸው ጅቦች ከቁጥቋጦው ብቅ ብቅ አሉ። ወርሳሜ እሳት አንድዶ ራሷን ጭኑ ላይ አሳረፈና የሚነድ እንጨት ወረወረባቸው።

«ዝፈን» አለችው።

«አልፈራሁም እኮ።»

«እኔ ፈርቻለሁ። ዝፈንልኝ።»

ግመል ሲያጠጣ የሚያንጎራጉረውን በሻከረ ድምፁ ዘፈነላት። ጅቦቹ ራቅ ብለው አደሩ።

በማግስቱ ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች መንገድ ዘጉባቸው።

«ግመሉን ፍታ!» አለ አለቃቸው።

«ሆስፒታል በር ድረስ ተከተለኝና እዚያ ውሰደው። እሷን ተሸክሜ አልደርስም።»

ወጣቱ ሊያረጋግጥ ቀረበ። የዐስሊን ክንድ የሞላውን ቀይ ነጠብጣብ ሲያይ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ሰንብታ ነበር አዴር?» አለ፣ እንደ አጎቱ አክብሮ።

«አዎ። ልጃችን ፋዱማ እዚያ ታማ፣ ልታስታምማት ሄዳ ነበር።»

«ወንድሜንም ከመጋላ ሲመለስ ነው የያዘው። አብረነው በላን፣ አብረነው ተኛን፤ ከተማ ያልገባነውን ግን ሕመሙ አልነካንም።» ኮዳውን አውጥቶ ሰጠው። «ሂዱ። አላህ ያድናት።»

ሆስፒታሉ በበሽተኛ ተጨናንቋል። ሰርካዲስ የተባለች ነርስ ዐስሊን ተቀበለቻት፤ ደሟም ተመረመረ።

«ወባ አይደለም አባባ፤ ዴንጊ የሚሉት ትኩሳት ሳይሆን አይቀርም። ልጅዎ ቤት ውሃ በምን ይጠራቀማል?»

«በበርሜል።»

«ክዳን አለው?»

«የለውም።»

«እዚህ የተኙት ሁሉ እንደዚያው ነው የሚሉኝ። በመነካካት አይደለም የሚይዘው። በቀን የምትናከስ ትንኝ አለች፤ ባልተከደነ ውሃ ትራባለች። መድኃኒት የለኝም። ውሃ በማንኪያ ሳይሰለቹ ያጠጧት።»

አልሰለቸም። ማንኪያውን ይዞ እንቅልፍ ያንገላጅጀው ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ መድማቷም ቆመ። አንድ ጠዋት ዐስሊ ማንኪያውን ከእጁ ተቀብላ «አንተም ጠጣ እንጂ» ስትለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ከሕመሟ የዳነችው ልጃቸው ፋዱማ ቤት ሰነበቱ። ከግመል በቀር ከማንም ብዙ የማያወራው ወርሳሜ በመጋላ ጠባብ መንገዶች ከደጅ ደጅ ይዞር ጀመር። «እህቴ፣ በርሜልሽን ክደኚ። የኔ ሚስት ልትሞትብኝ ነበር» ይላል። የሚስቁበት ነበሩ፤ ሄደው የሚከድኑም ነበሩ።

ዐስሊ ደጃፍ ተቀምጣ ስትሰማው ቆየችና ሲመለስ «ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ እንኳ ይህን ያህል አላወራህም» አለችው።

አጠገቧ ተቀመጠ። መንገደኛው እያየው እጇን ያዘ።

«ከየት ልጀምርልሽ?» አላት።