የዘንገናዋ ጀልባ በየት አፈሰሰች?

የጀልባ ነጂው የአየነው አስከሬን ከዘንገና ሐይቅ የወጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሰኞ ዕለት ብቻውን ሲነዳት የሰጠመችው የሞተር ጀልባ ደግሞ ሐሙስ ዕለት በገመድ ተጎትታ ወጣች። ከዳር ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት ነበር የሰጠመችው። አየነው ዋና አይችልም ነበር።

የሞተሩ ክፍል ውሃ ሞልቶበት ተገኘ። ያንን ሞተር ቅዳሜ ዕለት የፈታታው የእንጅባራው መካኒክ ሙስዐብ ነው፤ በዚያው ቀን ከአየነው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሰምቶታል። ታሰረ። የሟች አባት አቶ አድማሴ ጣቢያው በር ላይ ቆመው፣ «አንድ ልጄን የበላው እሱ ነው! ይሰቀልልኝ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሳጅን ማናለብሽ ዓይናቸውን ማየት አቃታት።

ቢሆንም ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ነውና ሙስዐብን አስጠራችው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጠብታ።»

«የምን ጠብታ?»

«ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ የጀልባዋን ሆድ በስቶ ነው የሚወጣው፣ ሳጅን። ቀዳዳው ላይ ማሸጊያ ገመድ አለ፤ ዳዶ ያጠብቀዋል። ትንሽ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው ያ ውሃ ነው። አየነው ‹ድፈነው፣ ያስፈራኛል› አለኝ። እምቢ አልኩት።»

«ማን ያምንሃል?»

«ጀልባዋ ትናገር። ከውጭ አድርቋትና አመድ ነስንሱባት። ከዚያ የሞተሩን ክፍል ውሃ ሙሉት። የምታፈስበት ቦታ ላይ አመዱ ይጠቁራል።»

ዓርብ ጠዋት ጀልባዋ በግንድ ላይ ተደግፋ ውሃ በባልዲ ተሞላች። ሙስዐብ እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። አቶ አድማሴ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የጠቆረው ከውሃ መሳቢያው ቱቦ አጠገብ ነው።

«ይኸው! እሱ የነካካው ቱቦ!» አለ ከተመልካቹ አንዱ።

ማናለብሽ ጎንበስ አለች። ስንጥቁ አዲስ ነው፤ የመጎተቻው ገመድ ክር ተሰክቶበታል። ጀልባዋ ስትወጣ የተሰነጠቀ ነው እንጂ ያሰጠማት አይደለም።

ያኔ ዘንጉ ከሚወጣበት ቀዳዳ ውሃው አመዱን ጠርጎ ተንዠቀዠቀ።

ካቴናውን ፈታችለትና ሙስዐብ ዳዶውን አላቀቀው። ማሸጊያው ገመድ ከሰል ሆኗል። ዳዶው ላይ ቢጫ ነገር ተለጥፏል። ማናለብሽ በጥፍሯ ፋቀችና አሸተተችው፤ ማር ማር ይላል።

«ሰም ነው። አንተ ነህ ያደረግኸው?»

«ሰም? በሚሽከረከር ዘንግ ላይ?» ሙስዐብ ራሱን ነቀነቀ። «ዳዶውንም ሰው እስኪበቃው አጥብቆታል። ማቀዝቀዣ ውሃ አጥቶ ዘንጉ ግሏል፤ ማሸጊያው ነደደ፣ ሰሙ ቀለጠ። ከዚያ ውሃውን ምን ይመልሰዋል?»

በዚህ አገር ቀፎ ያለው ሁሉ የሚያፈስ ጀሪካን በሰም ነው የሚደፍነው። ማናለብሽ ይህን እያሰበች ቀና ስትል አቶ አድማሴ ተነሥተዋል። አውራ ጣታቸውን ይዘው ያዩታል።

«የኔ ሰም ነው» አሉ።

«አባባ፣ ምን አሉ?»

«እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ወርጄ አየኋት። ጠብ፣ ጠብ ትላለች። ልጄ ዋና አይችል! በየማታው እግሩ በስብሶ ይመጣል። ዳዶውን አጠበቅሁለት፤ በሰም ደፈንኩለት። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈሰሰ ዕቃ የደፈንኩት እንዲሁ ነው። ሳልነግረው። ደርቆ ሲያገኘው ደስ ይለዋል ብዬ።»

 ማናለብሽ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ሥራዋን ጠላችው።

«እኔን እሰሪኝ፣ ልጄ። የሰውን ልጅ ፍቺው፤ በከንቱ ጮኼበታለሁ።» ከዚያ ወደ ሙስዐብ ዞሩ። «አንተ ታውቃለህ። ባልነካው ኖሮ አየነው ይመለስ ነበር?»

በእኒህ ሽማግሌ ጩኸት ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ ያደረው ሙስዐብ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«አይ አባባ። ማሸጊያው ያረጀ ነበር። ሰምዎ ባይኖርም መስጠሟ አይቀርም ነበር።»

ሽማግሌው እጁን ይዘው አለቀሱ።

ቅዳሜ ዕለት ሙስዐብ ያስገባው ማሸጊያ አዲስ ነው፤ የተገዛበት ደረሰኝ በማናለብሽ መዝገብ ውስጥ አለ። የአባትየውን ቃል አንድ ሳታስቀር ጻፈችው። የሙስዐብን መልስ ግን አልጻፈችውም።