አንገት ላይ የቀረው መስቀል

የዶክተር ጌታቸው መስቀል አንገቱ ላይ ነበር። ይህ ትክክል አለመሆኑን ኢንስፔክተር ገላነሽ ያወቀችው ሬሳው ከተቀበረ በኋላ ነው።

ከኤረር በር ውጭ ባለው የምርምር ጣቢያ፣ ዘረመላቸው ተለውጦ ደማቸው እንዳይረጋ የተደረጉ አሳማዎች ይኖራሉ። ደማቸው እንደዚያ ሆኖ ለሚወለዱ ልጆች የሚሰጥ መድኃኒት መጀመሪያ የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው። ዶክተሩ በአንዲት ትልቅ አሳማ ተረግጦ ጉረኖ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዘበኛው እንደሻው ተጣልቶት ስለነበር «አሳማዋን ለቀህበታል» ተብሎ ታሰረ። ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው።

ገላነሽን ያነቃቻት ጽዳት ሠራተኛዋ አሚና ናት።

«ወላሂ፣ ያንን መስቀል ይዘው ገብተው አያውቁም። አሳማ አይደለም እንዴ? በሩ ላይ ሚስማር አለ፤ እዚያ ይሰቅሉታል። ሲወጡ ታጥበው ያጠልቁታል።»

ገላነሽ የሬሳውን ፎቶ አውጥታ ደግማ አየች። ከዚያ እንደሻውን ጠየቀችው።

«ሚስማሩን የመታሁላቸው እኔ ነኝ» አለ። «እኔም እዚያ የገባሁ ቀን ሚስቴ እጄን አትነካም።»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ኤልሳቤጥ የአሳማዎቹን ደም በመስኮት ተቀብላ ትመረምራለች እንጂ ወደ ጉረኖው አትሄድም። መስቀሉን የት ያደርጉት ነበር ስትባል፣ «አንገታቸው ላይ ነዋ፤ ክርስቲያን አይደሉ?» አለች።

አመሻሹ ላይ ገላነሽ ከዶክተሩ ጋር ጣቢያው ውስጥ ይሠሩ የነበሩትን ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ዶክተሩ በእግራቸው ገብተው ቢሆን መስቀሉ ሚስማሩ ላይ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ራሳቸውን ስተው ሳሉ ያስገባቸው ሰው አለ። አሚና ወይም ጋሽ እንደሻው ቢሆኑ፣ ልማዱን ያውቃሉና መስቀሉን አውልቀው ይሰቅሉት ነበር። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ኤልሳቤጥ። የአሳማዎቹ ማደንዘዣ የሚቆለፍበት ቁልፍም ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ኤልሳቤጥ አልካደችም። ልጇ ዮሲ ደሙ የማይረጋ ሆኖ ነበር የተወለደው። ዶክተሩ ገና በሰው ያልተሞከረውን መድኃኒት በድብቅ ሲሰጠው «ቢሞትብኝስ?» ብላ ነበር። «አሳማዎቹ ሁሉ ድነዋል» ብሎ ሳቀባት። ልጁ ሞተ። ዶክተሩ ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ በሽታው ነው የገደለው ብሎ ለሰው አወራ። እሷም ቀን ጠብቃ ማደንዘዣውን በሻይ ሰጠችው፤ ከዚያ በመኖ ጋሪ ወስዳ ጉረኖው ውስጥ ጣለችው።

«ልጄን ከአሳማዎቹ እኩል ቆጠረው» አለች። «እኔም እነሱ መሀል አስተኛሁት። አልጸጸትም።»

እንደሻው ተፈታ። ገላነሽ ኤልሳቤጥን ወደ እስር ክፍሉ አስገብታ፣ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። እሷም እናት ናት።

«ዮሲ የሚመጣ እየመሰለኝ፣ ከሞተ ወዲህ በሬን ቆልፌ ተኝቼ አላውቅም» አለች ኤልሳቤጥ። «ይቆልፉት።»

ገላነሽ ቆለፈችው።