የደበቅሁት ቁጥር

መጀመሪያ ይህን ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ የምወጣ፣ እናቴን ሳይቀር «እማዬ ደግሞ ጀመርሽ» እያልኩ የማናድድ ሰው ነበርኩ። አሁንም አምናለሁ አልልህም። የሆነውን ብቻ ልንገርህ፣ ከዚያ አንተ የፈለግኸውን በል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወላዶችን ከአምቡላንስ ጋር የሚያገናኝ አንድ ፕሮጀክት ነበር፣ ስሙ ይቅር፣ እኔ እዚያ የስልክ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍል ስልህ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የመደወያ ሶፍትዌር ተጭኗል፣ የየቀበሌው ተጠሪ ስምና ስልክ እዚያ ላይ ተደርድሯል፣ ከተጠሪው ሥርም፣ ስልክ ባይኖራቸውም፣ የቀበሌው እርጉዞች ስም ይሰፍራል፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ በሳጥኗ ላይ ምልክት ካደረግህ ቁጥሩ ይታያል፣ ሲደወልም ይጠራል፣ ምልክቱን ካነሳህ ግን ይደበቃል፣ ሰውየው ቢደውል «መስመሩ ተይዟል» ይባላል እንጂ እኔ ዘንድ አይደርስም። የማን ቁጥር ይታይ፣ የማን ይደበቅ የሚለው የእኔ ሥራ ነበር። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም ብዬ አስብ ነበር።

በእኛ አገር ምጥ ሲመጣ አስቀድሞ የሚነገረው ለነፍስ አባት ነው፣ ጸሎት እንዲያደርሱ፣ ጠበል እንዲልኩ። ስለዚህ በብዙ ቀበሌ ተጠሪ ያደረግነው ቄሶችን ነበር። እኔ በተወለድሁባት፣ ከሽንዲ ወዲያ ባለችው ቀበሌ ተጠሪው ቄስ ላቀው ነበሩ፣ እኔን ያጠመቁኝ፣ የእህቴ የይታይሽ የነፍስ አባት፣ ቃል ከመናገራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሽማግሌ።

ያኔ እንግዲህ ዘመኑ የግምገማ ነው። በሐምሌው ግምገማ አንዱ ባልደረባዬ ተነሣና «ይህ ሰው የዘመዶቹን ስልክ ዝርዝሩ ላይ ደርድሯል» አለ። እውነቱን ነው፣ የይታይሽን ባል የአለኸኝን ቁጥር ከቄስ ላቀው ሥር ጨምሬው ነበር፣ እሷ እርጉዝ ናት፣ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም አላደጉላትም። ይህን ማን ይሰማሃል? ግለ ሂስ አደረግሁ፣ በዚያው ቀን የአለኸኝን ቁጥር በገዛ እጄ ደበቅሁት። የግል ስልክም በሥራ ሰዓት ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ፣ አስቀመጥሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቄስ ላቀው ሞቱ። የሞተ ሰው ቁጥር አይታይም፣ ደንብ ነው፣ እሱንም ደበቅሁና በምትኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የሙሉን ቁጥር አወጣሁ።

ቄሱ ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗል፣ ነሐሴ ነው፣ ግን የዚያን ዕለት ፍኖተ ሰላም ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ልብሱን አስጥቷል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ዝርዝሩን ብከፍት «ቄስ ላቀው» ከነምልክቱ ቁጭ ብሏል። ረስቼው ይሆናል ብዬ ምልክቱን አነሣሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ዝናብ ይሰማኛል፣ ከባድ ዝናብ፣ የሚደውል ግን የለም። አወለቅሁት፣ ጸጥ ያለ ነው፣ በመስኮቱ ፀሐይ ይታየኛል። መልሼ አደረግሁት፣ ዝናብ ነው። ሽቦው ተበላሽቷል አልኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ምልክቱ ተመልሶ መጣ። ደበቅሁት። አሁን ከዝናቡ ኋላ የብዙ ሴቶች ድምፅ አለ፣ ምን እንደሚሉ ግን አይለይም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛ ጊዜ መጣ። እመነኝ፣ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ ንዴት ነው፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቼ «ምን ያለ እርኩስ ዕቃ ነው!» ብዬ ምልክቱን አነሣሁት። በዚያች ቅጽበት ጆሮዬ ውስጥ ሰው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተደወለ። ስክሪኑ ላይ «ቄስ ላቀው» ይላል፣ ሳጥኗ ባዶ ናት፣ ምልክት የለባትም፣ ስልኩ ግን ይጠራል። አነሣሁት። ዝናቡ፣ ሴቶቹ፣ አሁን ቃላቸው ጠርቶ ተሰማኝ፣ «ማርያም! ማርያም!» ነው የሚሉት። ጉሮሮ ተጠረገ።

«አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ዠምሬ እጣራለሁ፣ ምነው ዘጋኸብኝ?»

«ማን ልበል?» አልኩ፣ ልቤ ግን አውቆታል።

«ይታይሽን ድረሱላት። ደሙ አልቆመም። በቃሬዛ ወንዙን አሻግረዋታል፣ መንገዱ ዳር ዋርካው ሥር ናቸው።»

«አባ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔን ተወኝ ልጄ» አሉ፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ቡሬ ላለው የአምቡላንስ ሹፌር ደወልኩ። «የሽንዲን መንገድ ይዘህ ሂድ፣ ቀበሌው መግቢያ ላይ ዋርካው ሥር ወላድ አለች!» ስለው «ማን ነው ያመለከተው?» አለኝ። «አትጠይቀኝ፣ ንዳ!» ብዬ ጮኽሁበት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ የራሴን ስልክ አበራሁ፣ ገና ከመብራቱ ጠራ፣ አለኸኝ ነው፣ እያለቀሰ።

«ወዴት ኑረኸ ነው? ከጠዋት ሦስት ሰዓት ዠምረን ስንደውል ተይዟል፣ ተይዟል ነው የሚለነ! ሙሉም ሥልጠና ሂዳ ስልኳ ዝግ ነው፣ ያንተም ዝግ ነው!»

«አምቡላንሱ ተነሥቷል፣ እዚያው ዋርካው ሥር ቆዩ» አልኩት።

ዝናቡ በእሱም ስልክ ይሰማኛል። «ዋርካው ሥር መሆናችነን ማን ነገረኸ? አሁን ማውረዳችነ እኮ ነው» አለኝ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ አምቡላንሱ ወደሚያደርሳት ወደ ቡሬ ስሄድ፣ በማላምነው ሁሉ እየለመንኩ ነበር። ደጋግሜ «እኔን ውሰድና እሷን ተው» እል ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ሸሹኝ። ቡሬ ስደርስ አለኸኝ በጭቃ ተለውሶ ሕክምናው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢው በደም ርሷል፣ ፊቱን ሳይ ማለፏን አወቅሁ። ነርሷ ሕፃኗን አሳየችኝ፣ ሴት ናት፣ ደህና ናት። «እናቷ ሁለት ሰዓት ቀድማ ብትደርስልን ኖሮ» አለችኝ። ሁለት ሰዓት። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የደበቅሁት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስልኩን ያነሣሁት ስምንት ተኩል ላይ ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ አለኸኝን ጠየቅሁት፣ በቄስ ላቀው ስልክ የደወለው ማን ነው አልኩት።

«በቄሴ ስልክ?» አለ። «ምን ሁነኸ ነው? ስልካቸውማ ባትሪው ወጥቶ ከነመስቀላቸው ሳጥን ውስጥ ነው፣ እስከ ተዝካራቸው አይከፈትም፣ ቁልፉም ከባለቤታቸው አንገት አይወርድም።»

ሄጄ ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው፣ ያንኑ ነገሩኝ። ሶፍትዌሩ የሚመዘግበውን ፈለግሁ፣ በዚያ ሰዓት የገባ ስልክ የለም። ባልደረቦቼ ደክሞህ ነው አሉኝ፣ እናቴ ደግሞ አማተበች። ለአለኸኝ ግን ቁጥሩን እኔ እንደደበቅሁበት እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ «መስመሩ ተጨናንቆ ነበር» ነው ያልኩት፣ እሱም አመነኝ፣ ማመኑ ደግሞ የባሰ ነው የሚያሳምመኝ።

እዚያ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ይታይሽ ስልክ ባይኖራትም እንደ ማንኛዋም እርጉዝ ስሟ ዝርዝሩ ላይ ነበረ፣ ደንቡ ደብቃት ይላል፣ እኔ ግን አልቻልኩም፣ አለቃዬ በጠየቀኝ ቁጥር ነገ እለው ነበር። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሳጥኗን ነው። አልደወለችም። አንድ ሁለቴ ግን በጠራራ ፀሐይ ማዳመጫው ውስጥ ዝናብ ሰምቻለሁ፣ እንዲያ ሲሆን ሥራዬን ሁሉ ትቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ኮምፒውተሩን ለሌላ መሥሪያ ቤት አስረክብ ተባልኩ። ስሞቹን ሁሉ ደበቅሁ፣ የእሷን ግን ከነምልክቱ ትቼው ወጣሁ። አሁን የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አላውቅም። ማን ያውቃል፣ አንዱ ጠዋት ከፍቶት፣ ይህ ደግሞ የማን ስም ነው ብሎ ምልክቱን አንሥቶት ይሆናል፣ እሷም ብትደውል የሚነገራት መስመሩ ተይዟል ነው።