የአቤኔዘር ኮት

ጋሽ ወርቅነህ ማምሻውን ስፌት ቤታቸውን ሲዘጉ የሚያደርጉት ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከካውያው አመዱን ያራግፋሉ፣ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ይሸፍናሉ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብለው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጥቁር ኮት ዞር ይሉና «እደግ ተመንደግ» ይላሉ። ልጃቸው አቤኔዘር በሕፃንነቱ ውሃ ከሚያቀብላቸው ጊዜ ጀምሮ የለመዱት ምርቃት ነው። ልጁ ከሞተም በኋላ አፋቸው ሊተወው አልቻለም።

ኮቱን ለሰርጉ ነበር የሰፉለት። አቤኔዘር ጂም ገብቶ ጡንቻ የሚያሳድግ መርፌ መወጋት ከጀመረ ወዲህ፣ በለካው ቁጥር «አባዬ፣ ጠበበኝ» እያለ እየሳቀ ያወልቀው ነበር። እሳቸውም ኩራት ኩራት እያላቸው ያሰፉለት ነበር። ያን የመሰለ ደረት ማን ወለደው!

ሆስፒታል ውስጥ ነገሩን ያስረዳቻቸው ሐኪም ዓይናቸውን ማየት ከብዷት ነበር።

«የተወጋው ሆርሞን የጡንቻው ሴል ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን ጨምር፣ ወፍር ይለዋል። በዙሪያው ያሉ ትናንሽ ሴሎችም እየተቀላቀሉት ይገዝፋል። ልብም ጡንቻ ነው አባቴ፤ እሱም አብሮ ወፈረ።» ቀጥላም፣ «አቁም ያለው ሰው አልነበረም?» አለች።

ጋሽ ወርቅነህ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ጠዋት የኮቱ ትከሻ ተተርትሮ አገኙት። አይጥ ነው ብለው ሰፉት። በማግስቱ ጀርባው፣ ቀጥሎ ደረቱ ተተረተረ፤ ክሩ በጥርስ የተበላ ሳይሆን ከውስጥ ተወጥሮ የተበጠሰ ነው፤ ገበሩ ላብ ላብ ይሸታል፣ ከላቡ ሥር ደግሞ እርጥብ አፈር። ሌላ ሰው ቢሆን ወስዶ ያቃጥለው ነበር። እሳቸው ግን ኮቱን አቅፈው በደስታ አለቀሱ። ልጃቸው አለ ማለት ነው፤ ያድጋል ማለት ነው። በየቀኑ ጨርቅ እየቀጠሉ አሰፉለት፣ በየማታው መረቁት፣ ኮቱም በየጠዋቱ ተተርትሮ ይጠብቃቸው ጀመር።

ዛሬ ማምሻውን ሊዘጉ ሲሉ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ክር ሲበጠስ ሰሙ፤ ጠቅ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ። በዳበሳ ሄደው እጃቸውን ገበሩ ውስጥ ሰደዱ። ይሞቃል።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ነገ ደግሞ ሰፋ አደርግልሃለሁ» አሉ። «አንተ እደግልኝ ብቻ።»

ያ የሚያውቁት ድምፅ፣ ሳቁ ጠፍቶበት፣ ከኮቱ ሳይሆን ከወለሉ ሥር፣ ከጥልቅ መጣ፦ «አባዬ፣ ተው በቃህ፤ የጠበበኝ ኮቱ አይደለም፣ ሳጥኑ ነው።»