ፍትሐት ያልተደረገላት

ሳጅን ሰናይት ከንፋስ መውጫ ወደ ቤተ ልሔም የተጠራችው ሬሳ ለማየት አልነበረም። ሬሳው ቤሩት ነው። የመሪጌታ ፊልጶስ ልጅ ዳግማዊት በሠራተኝነት ከተቀጠረችበት ቤት፣ ከአራተኛ ፎቅ ወድቃ ከሞተች ስምንት ቀኗ ነው። እናቷ ወይዘሮ ማንአለሽ ሬሳዋን ለማስመጣት ኤምባሲ ቢያስደውሉ፣ «ቤተሰቡ እዚያው ትቀበር ብሎ ፈርሟል፤ ቀብሯ ነገ ነው። የፈራሚውን ስም በስልክ አንናገርም» ተባሉ።

«ከመሃላችን ማን ነው የፈረመው? እሱን ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ እናት።

ሳጅኗ ከአጎትየው ጀመረች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ደላላ ያገኘህላት አንተ ነህ አሉ።»

«አገናኘሁ እንጂ አልገፋሁ! ይልቅ ፍትሐቷ መቼ ነው? ስንት ቀን ለመንሁ!»

ወንድሟ መምህር በላይነህም፣ «እኔም አባዬን ጠይቄ ነበር፤ ‹ይደርሳል› አሉኝ» አለ።

መሪጌታ ጥግ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ገጹ ግን አንዴም አልተገለበጠም።

«መሪጌታ፣ ማኅደሩን እንኳ ከትከሻዎ አውርደው እህል ይቅመሱ» አሉ ሚስታቸው። አላወረዱም።

ሳጅኗ ቤተ ዘመዱን ሰበሰበች።

«መሪጌታ፣ አምና ስሙ ላልታወቀ መንገደኛ ፍትሐት የቆሙት እርስዎ ነዎት። ለልጅዎ ዝም አሉ። አጎቷና ወንድሟ ፍትሐት የሚለምኑት ከኤምባሲ ለፊርማ የተላከውን ወረቀት ስላላዩ ነው። ዝም የሚለው ፍትሐት የሚያስከለክል ነገር ያነበበ ሰው ነው። እስቲ ማኅደሩን ይክፈቱት።»

ሁለት ወረቀት ወጣ። አንደኛው፣ «አሠሪዎቿ ራሷን ሳትወረውር አልቀረችም ብለዋል» ይላል።

«አገር ምን ይለኛል ብዬ ነው የፈረምሁት» አሉ መሪጌታ፣ ወለሉን እያዩ።

«ሁለተኛውንስ አነበቡት?»

«የዕቃ ዝርዝር ነው ብዬ ተውሁት።»

«እኔ ላንብብልዎ። ‹የእጅ ጓንት። የመስኮት መወልወያ ጨርቅ። ወገቧ ላይ በሦስት ቋጠሮ የታሰረ፣ ጫፉ የተበጠሰ ገመድ።›» ወረቀቱን አጠፈችው። «ሊሞት የቆረጠ ሰው፣ እንዳይወድቅ ብሎ ራሱን ያስራል?»

በላይነህ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ሦስት ቋጠሮ… ገደል አፋፍ ላይ ሣር ስናጭድ አባዬ ናቸው ያስተማሩን።»

መሪጌታ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጥፋተኛ ይዤ እመለሳለሁ ብላ የመጣችው ሳጅን ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ስልኳን አውጥታ ኤምባሲው ዘንድ ደወለችና አቀበለቻቸው።

«አባቷ ነኝ። የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ልጄን አትቅበሩብኝ፤ ስደዱልኝ።»

ወይዘሮ ማንአለሽ ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ትምጣልኝ» አሉ፣ ወደ ባላቸው ዞረው። «ፍትሐቷ ላይ ግን አንተ አትቆምም።»