የንጉሥ ልጅ ያለበት ምሽግ

«ሰዓቴ ወደ ኋላ ይቀራል» አለች።

«ይቀራል ነው ወይስ ይቆማል?»

«ይቆማል። በተለይ ማክሰኞ ማክሰኞ።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ እጁን ዘረጋ። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። በአገሯ የስለላ መምሪያ፣ በዋናው ቤት መዝገብ «ወንፊት» የምትባለው ሴት ሰዓቷን ፈታ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከሰዓቱ የጀርባ ክዳን ሥር ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ የፊልም ቁራጭና አንዲት ብጣሽ ወረቀት አሉ።

ቀና ስትል በመስኮቱ በኩል ሙጫን አየችው።

ሙጫ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሹም ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በጫማ መደብር መስኮት የሴት ጫማ ያያል። ሚስትም እህትም እንደሌለው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።



«ጋሼ፣ እንግዳ አለ።»

«አየሁት። ተቆጪ።»

«ምን?»

«አበላሽተህብኛል ብለሽ ተቆጪ። የሚደበቅ ሰው አይጮህም።»

ጮኸች። «ባለፈውም ጠግኜዋለሁ ብለው ነው የሰጡኝ! እንዴት ዓይንዎን በጨው ታጥበው ደግሞ ያምጪው ይሉኛል?» መንገደኞች ዞረው አዩ። ሙጫም ተሻግሮ ገባ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

መልስ ሳይጠብቅ ሰዓቱን ከመስታወቱ ላይ አነሳ።

ገለበጠው።

አውራ ጣቱ ክዳኑ ላይ አረፈ።

ከዚያ ጆሮው ላይ ለጠፈው። «ይሄዳል እኮ!»

«ሰው ሲያየው ይሄዳል፤ እኔ ጋ ሲመጣ ይለግማል።»

«እንደናንተ ነዋ!» ብሎ ሳቀና መልሶ አስቀመጠው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «የአሥራ አራት ቁጥር ፊልም ከትናንት ጀምሮ ምን ይሠራል አንቺ ጋ?»

«ታጥቧል። አልደረቀም።»

«ነገ ይድረቅ» አለና ሄደ።

ወንፊት በተውሶ ስም በጠላት የጦር መምሪያ ፎቶ አጣቢ ሆና ስትሠራ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የጠላት ቃፊሮች ከማዶ ተራራ ሆነው የአገሯን ምሽጎች በረጅም ሌንስ ያነሳሉ። ፊልሙ የምሽጉ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ይመጣላታል። እሷ በጨለማው ክፍል አጥባ፣ አትማ፣ ምስሉን ለሚያነበው ሻለቃ ትሰጣለች።

ሰኞ የመጣው የአሥራ አራት ቁጥር ፊልም ላይ ሦስት ወታደሮች ከአንድ ምሽግ በር ሲወጡ ይታያሉ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ጠላት አድርገው የኋሊት ነው የሚወጡት።

ለሌላ ሰው ይህ ጅልነት ነው። ለእሷ ግን የአደባባይ አዋጅ ነው። በአገሯ ለንጉሥ ዘር ጀርባ አይሰጥም። እናቷ ሃያ ዓመት ሙሉ የቤተ መንግሥት ወለል ያጸዳች ሴት ነበረች። ልጆቿም ፊደል ሳይቆጥሩ ባልዲ ይዘው የኋሊት መውጣት ተምረዋል።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ፎቶው ላይ አለ። ሦስተኛው ወታደር፣ ግራ ትከሻው ዘንበል ያለው፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬም ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶት የምትጠራው ኩታራው ብላ ነው። ከእሱ ሌላ በዚህ ዓለም ዘመድ የላትም።

የአገሯ ልዑል ባለፈው ዓመት በምክር ቤት ተነሥቶ «የገበሬ ልጅ በሚሞትበት ሜዳ የንጉሥ ልጅ የማይሞተው ለምንድን ነው?» ሲል አገሩ እጁ እስኪቃጠል አጨበጨበለት። በመቶ አለቃ ማዕረግና በሐሰት ስም ዘመተ። ዋናው ቤት «እንቁላል» የሚል መጠሪያ ሰጠውና ለወንፊት አንድ ትእዛዝ ላከላት፤ ጠላት እንቁላሉን የሚያገኝበት ምልክት ካየሽ አሳውቂ። ወታደሮቹ እንደ ማንኛውም መቶ አለቃ እዩት ተብለው ነበር። ሞክረዋል፣ ምስኪኖች። ምን ዋጋ አለው፣ ወገብ የለመደውን አይረሳም።

ብጣሿ ላይ የጻፈችው አጭር ነበር፦ «እንቁላሉ አሥራ አራት ላይ ይታያል። ሳይቃጠል በቅጠል። ሰዎቹን በሙሉ አንሡ።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሰዓቷን ልትወስድ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«እንቁላሉ ወጥቷል» አለ ሰዓት ሠሪው። «ታመመ ተብሎ ሆስፒታል ገብቷል።»

«ተመስገን! ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ይቆያሉ።»

ያልሰማች መስሏት ወደ እሱ ተጠጋች።

«ሻለቃሽ የፎቶውን ትርጉም እንዲደርስበት ታደርጊያለሽ። የንጉሥ ልጅ እዚያ አለ ብሎ ካመነ ጠላት የደበቃቸውን ከባድ መድፎች ወደ ፊት ያወጣል። ሲያወጣ የኛዎቹ ይመቷቸዋል።»

«የጠላት መድፎች ልጆቹ ላይ ከተኮሱ በኋላ?»

«አዎ። ከተኮሱ በኋላ።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዋናው ቤትስ ያውቃል?»

«ለዋናው ቤት መቶ ሃያ ሰው ነው። የማን ወንድም እንደሆነ አይጠይቅም።»

የመስታወቱን ጠርዝ ይዛ ቆመች። «ልዑሉ ይህን እያወቀ ነው የወጣው?»

«ጓደኞችህም ተተክተው ይወጣሉ ብለውታል።» ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። ዓይኑ ቀልቷል። «የኔ ልጅ በዚህ ጦርነት ከወደቀ ሁለት ዓመቱ ነው። እሱ ያለበት ምሽግ ሲታወቅ ማንም ይነሣ ብሎ መልእክት አልላከም። የንጉሥ ልጅ አብሮት ቢኖር ይተርፍ ነበር ብዬ እመኝ ነበር። አሁን ሳየው አብሮ መኖሩም ያው ሞት ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ሰዓትሽን ያዢ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። ሌላው ደግሞ ወንድም የለውም።»

በጨለማው ክፍል ቀይ አምፖሏን አብርታ ተቀመጠች። ፊልሙን ብታቃጥለው ሙጫ አለ። ብትደብቀው ዋናው ቤት በሌላ አፍ ይናገራል። ጠላት የሆነ ቦታ ላይ መተኮሱ አይቀርም። የፖስታዎቹን ክምር አገላበጠች።

ሃያ ሁለት።

ሃያ ሁለት ቁጥር ከአሥራ አራት የግማሽ ሰዓት መንገድ የሚርቅ ጉብታ ነው። የተተወ ምሽግ አለው፤ አንድ በር፣ የአሸዋ ከረጢት። ሁለት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ፎቶውን ስታጥብ ከሚያድገው አረም በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አላየችም። በረጅም ሌንስ ሲነሳ በሩ ከአሥራ አራት በር አይለይም።

የሁለቱን ፖስታዎች ፊልም አለዋወጠች።

ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጠላት መድፉን ያወጣል፤ ባዶ ጉብታ ይደበድባል፤ የኛዎቹ መድፉን ያወድማሉ። ዋናው ቤት የፈለገውን ያገኛል። ኩታራውም ይተርፋል።

ሻለቃው ሳል የማይለየው ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን አርፍዳ ስትመጣ እኔ ልኬያት ነው ብሎ ከሙጫ አስጥሏታል። ፎቶዎቹን ሲያይ ሳቀ።

«እነዚህ ሰዎች ጠጥተዋል እንዴ?»

«ሻለቃ፣ ውስጥ ያለውን ሰው ፈርተው ይሆን ወይስ አክብረው?»

ሳቁ ቆመ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ደረደረ።

«አንቺ ሴት… እነዚያ ሰዎች ለንጉሥ ዘር ጀርባ አይሰጡም!» የፖስታውን ቁጥር አየ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ሃያ ሁለት? ይህ ባዶ አልነበረም?»



«እኔ የመጣልኝን ነው የማጥበው።»

ሻለቃው ጣቱን ቁጥሩ ላይ እንደጫነ ቆየ። ኋላ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። «ባዶ አስመስለውት ነዋ! የንጉሥ ልጅ ከዚህ የተሻለ የት ይደበቃል?»

ስልኩን አነሳ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጀመረ። መጀመሪያ የጠላት መድፍ፣ ረጅም ጊዜ። መደርደሪያው ላይ ያሉት የመድኃኒት ጠርሙሶች እርስ በርስ እየተጋጩ ጮኹ። ቀጥሎ ከሌላ አቅጣጫ ሌላ ድምፅ መጣ። የኛዎቹ! ኮሪደሩ በሩጫ ተሞላ። አንድ ሰው «መድፎቹ አለቁ!» እያለ ሲያለቅስ ሰማች። ሽርጧን ነክሳ በጨለማው ውስጥ በደስታ አነባች። በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ደስ ያላት ቀን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የሃያ ሁለት ቁጥር ፖስታ መጣ።

ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ነከረችው። ምስሉ ቀስ እያለ ወጣ። የተገለበጠ አፈር። በሩ የለም።

ከዚያ ሰዎች ወጡ።

የተኙ ሰዎች። አንዱ በአንዱ ላይ፣ እስከ ጉብታው ጫፍ ድረስ።

ፖስታ ያሳሳተች መሰላት። ቁጥሩን አየች። ሃያ ሁለት። ደግማ አየች። መቁጠር ጀምራ ሠላሳ ላይ አቆመች። በማጉያ ብታይም ፊት አይለይም ነበር። ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር ድረስ ከፊቱ አልተነሣችም።

በሩ ተንኳኳ። ሙጫ ነበር፣ ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ወታደሮች አሉ። ሻለቃው በመካከላቸው ኮቱን ሳይለብስ ቆሟል።

«የኋሊት የሚወጡትን ሰዎች ፎቶ የሃያ ሁለት ቁጥር ነው ያለው ማን ነው?» አለ ሙጫ። «መድፎቹ ወጥመድ ውስጥ ነው የገቡት።»

«አንብቤ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ» አለ ሻለቃው። «እሷ አጣቢ ናት። ምን ታውቃለች?»

አፏን ከፍታ ብትናገር የሽማግሌው ነፍስ ትተርፍ ነበር። አልተናገረችም። ሻለቃው እየሳለ ሲወስዱት ሰማች፤ ሳሉ ከደረጃው በታች ድረስ ይሰማ ነበር። በራሷ አፈረች።

ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ሱቁን ሊዘጋ ዕቃውን ሲያሽግ አገኘችው።

«ሠላሳ አንድ መድፍ» አለ፣ ሳያያት። «ዋናው ቤት ምስጋና ልኳል።»

«ሃያ ሁለት ላይ ማን ነበር?»

«ፖስታውን የለወጥሽው አንቺ ነሽ?»

«ማን ነበር ጋሼ?»

ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«ልጆቹ እንዳልተተኩ ሐሙስ ዕለት አንድ ቁስለኛ ሆስፒታል ውስጥ ለልዑሉ ነገረው። ልዑሉ የሆስፒታል ልብሱን እንደለበሰ በቁስለኛ መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ። እኔን አውጥታችሁ ልጆቼን ለወጥመድ ትተዋላችሁ ብሎ አለቆቹን ሰደበ አሉ። አሥራ አራት እንደሚመታ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ይዞ…» አልጨረሰውም።

«ወደ ጉብታው ወጣ» አለች።

«የሚያስጠጋ ቅርብ ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ባዶ ስለሆነ መረጠው።»

እሷም ባዶ ስለሆነ ነበር የመረጠችው።

«ማን ተረፈ?»

ሰዓት ሠሪው መዶሻና ወረንጦውን ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለ። ፈትቶ እንደገና ጠቀለለ።

«ማንም፣ ልጄ።»

እንባ የሚመጣ መስሏት ጠበቀች። አልመጣም። 

«አገር ቤት ሕዝቡ በሙሉ እያለቀሰ ነው» አለ። «ስለ ልዑሉ ሬዲዮው ሌላ ወሬ የለውም። ምክር ቤቱም ትናንት ወስኗል። ከእንግዲህ የንጉሥ ልጅ አይዘምትም።»

«የእናቴ ልጅስ?»

ሰዓት ሠሪው የምታመልጥበትን አዲስ መታወቂያ ከመሳቢያው አውጥቶ መስታወቱ ላይ አኖረላት። እሷም እጁን ሳትነካ አነሳችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በአውቶቡስ ተራው ሰልፍ ውስጥ ነበረች። የቤት ሠራተኛ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። ሙጫ መግቢያው ላይ ቆሞ የመሥሪያ ቤቱን ሴቶች ፊት ይፈልጋል። በአጠገቡ አለፈች። ሻርፕ እስከ ዓይኗ ያጠለቀች አንዲት የደከማት ሴት ናት፤ ማን ልብ ይላታል?

«ስም?» አለ ትኬት ቆራጩ።

መታወቂያው ላይ ያለውን ነገረችው።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

እሱንም ዋሸችው።

«ሥራ?»

እሱንም።

«ስንት ሰው ናችሁ? ብቻሽን ነሽ?»

ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ አያት፤ መልሱ ዘግይቶበታል።

«ብቻዬን ነኝ» አለች። ከነገረችው ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነበር።